ብቻውን የቀረው ቆርኪ

ሰባት ቆርኪ። በሆሳዕና መናኸሪያ ዙሪያም ሆነ በዱራሜ ገበያ ጥግ፣ አንድ ልጅ ጎንበስ ብሎ ሰባት የለስላሳ ቆርኪ ለመልቀም ብዙ ጊዜ አይፈጅበትም። ቤቱ ወስዶ ወለሉ ላይ ሁለት ሁለት አድርጎ ይደረድራቸዋል፤ አንድ ጥንድ፣ ሁለት ጥንድ፣ ሦስት ጥንድ። ሰባተኛው ቆርኪ ጓደኛ አጥቶ ይቀራል። የዛሬው ዝግጅት ስለዚያ ብቻውን ስለቀረው ቆርኪ ነው። የመጀመሪያ ደረጃ ትንንሽ ተማሪዎች ተጋማሽና ኢተጋማሽ ቁጥርን በእርግጥ የሚያውቁት፣ ወይም ሳያውቁት ሸምድደው የሚያልፉት፣ እዚች ቆርኪ ላይ ነው።

እንዲህ ያለውን ትምህርት በሬዲዮ ማስተማር አዲስ ነገር አይደለም። መጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ትምህርት ቤቶችን ባስዘጋ ጊዜ ልጆች ትምህርታቸውን በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዲከታተሉ ተደርጎ ነበር። ሬዲዮ ሰሌዳም ጠመኔም የለውም። ለዚህ ርዕስ ግን ሰሌዳ የግድ አይደለም፤ ጆሮ ይሰማል፣ እጅ ይደረድራል፣ አንድ እፍኝ ባቄላ ወይም ጠጠር ይበቃል። ከሬዲዮው አጠገብ ልጅ ያለው አድማጭ ባቄላውን አሁኑኑ ቢያቀርብ ዝግጅቱ የበለጠ ይጠቅመዋል።

በመጀመሪያ ስለ ስማቸው። በመማሪያ መጽሐፍ ቁጥሮቹ ተጋማሽና ኢተጋማሽ ይባላሉ። ከመጽሐፉ ውጭ፣ በሰፈርም በዜናም፣ ሰው የሚጠራቸው ሙሉና ጎዶሎ ብሎ ነው። በዚያው በ2012 ዓ.ም. የግል መኪኖች በሰሌዳቸው የመጨረሻ አሃዝ ተለይተው በፈረቃ እንዲንቀሳቀሱ ሲደረግ ባለመኪናው ሁሉ ሰሌዳውን እያየ ‹‹የኔ ሙሉ ነው፣ ያንተ ጎዶሎ ነው›› ይል ነበር። አዋቂ በዚህ አይቸገርም። ልጅ ግን ይቸገራል። ‹‹ሙሉ ቁጥር›› በሌላ የሒሳብ ምዕራፍ ክፍልፋይ የሌለበት ቁጥር ማለት ነው። ሰኞ ዕለት 7 ሙሉ ቁጥር ነው ተብሎ፣ ሐሙስ ዕለት ያው 7 ጎዶሎ ነው ሲባል ልጁ የትኛውን ይመን? ‹‹ጎዶሎ›› የሚለውም ቃል በአማርኛ የሚያመጣው ሐሳብ ጥሩ አይደለም፤ የጎደለው፣ ያልተሟላ ነገርን ነው። ሰባት ግን ምንም የጎደለው ነገር የለም። ሰባት ቆርኪ ሰባት ነው፤ ሁለት ሁለት ሲሆን ብቻ አንዱ ተለይቶ ይቀራል። መምህሩ ይህን ልዩነት በአንድ ዓረፍተ ነገር ቢያብራራ ልጁ ቁጥርን ‹‹ደህና›› እና ‹‹ጉድለት ያለበት›› ብሎ ከመመደብ ይድናል።

‹‹ተጋማሽ›› የተሻለ ቃል ነው፤ ትርጉሙን በውስጡ ይዟል፤ ግማሽ፣ መጋመስ፣ ተጋማሽ። ሆኖም እሱም ችግር አለበት። ‹‹ለሁለት እኩል የሚከፈል ቁጥር ተጋማሽ ነው›› ተብሎ የተነገረው ልጅ፣ ‹‹ሰባት ዳቦ ለሁለት ልጆች ይካፈላል ወይ?›› ሲባል ‹‹አዎ ቲቸር፣ ሦስት ተኩል ሦስት ተኩል ይደርሳቸዋል›› ብሎ ይመልሳል። ይህ ልጅ አልተሳሳተም። ዳቦ ይቆረሳል፤ ቆጮም ይቆረሳል። ጥያቄውን ያበላሸው ዳቦው ነው። በዳቦው ምትክ ሰባት በግ ቢባል ነገሩ ወዲያው ይለወጣል፤ ሁለት ወንድማማቾች ሦስት ሦስት በግ ይወስዱና ሰባተኛው ላይ ድርድር ይጀመራል። በሕይወት ያለ በግ ተኩል የለውም። ስለዚህ ትምህርቱ ሊጀመር የሚገባው ከግማሽ ሳይሆን ከጥንድ ነው። ተጋማሽ ቁጥር ማለት ሁሉም ጥንድ የሚያገኝበት፣ ኢተጋማሽ ማለት አንድ ቀሪ የሚገኝበት ቁጥር ነው። ለስድስት ወይም ለሰባት ዓመት ልጅ ከዚህ የቀለለ ትርጉም የለም፤ ጫማው፣ ካልሲው፣ ዓይኑና ጆሮው ሁሉ ጥንድ ነውና።

ብዙ ጊዜ የሚሆነው ግን ከዚህ የተለየ ነው። መምህሩ ሰሌዳው ላይ 0፣ 2፣ 4፣ 6፣ 8 ብሎ ይጽፍና ‹‹በእነዚህ የሚያልቅ ሁሉ ተጋማሽ ነው›› ይላል፤ ክፍሉ በአንድ ድምፅ ይደግማል። ሕጉ ትክክል ነው። ችግሩ መጨረሻ መምጣት የነበረበት ነገር መጀመሪያ መምጣቱ ነው። ልጁ ሕጉን እንደ ዜማ ይይዘዋል፤ ለምን እንደሆነ ግን አያውቅም። ለዚህም ነው 74 ሲቀርብለት ከፊት ያለችውን 7 አይቶ ‹‹ኢተጋማሽ›› የሚለው። ‹‹በ0 የሚያልቅስ?›› ሲባልም ‹‹ዜሮ እኮ ምንም ማለት ነው›› ብሎ ይቆማል።

መድኃኒቱ እንጨት ነው። የክብሪት እንጨት ወይም አጫጭር ጭራሮ ተሰብስቦ አሥር አሥሩ በክር ይታሰር። 37 ለመሥራት ሦስት እስርና ሰባት ልቅ እንጨት ይወጣል። አሁን ልጁ አንዱን እስር ፈትቶ ሁለት ሁለት ይደርድር፤ አምስት ጥንድ ይሆናል፣ ምንም አይተርፍም። ሁለተኛውን ይፍታ፤ አሁንም አምስት ጥንድ። ሦስተኛውን መፍታት የሚፈልግ ልጅ ጥቂት ነው፤ አብዛኛው እስሩን ሳይነካ ‹‹ይኼም አይተርፈውም›› ይላል። በዚያች ቅጽበት ልጁ ሕጉን ራሱ አገኘው። እስሮቹ መቼም ቀሪ ስለማይሰጡ መታየት ያለባቸው ልቅ እንጨቶቹ ብቻ ናቸው። ሰባቱ ልቅ እንጨቶች ሦስት ጥንድ ሆነው አንድ ያስቀራሉ፤ 37 ኢተጋማሽ ነው። መቶ ማለት አሥር እስር ነው፣ ሺህም የመቶዎች ክምር፤ ቁጥሩ ቢረዝምም ነገሩ አይለወጥም። 40 ላይ ሲደርስ አራት እስር ብቻ አለ፤ ልቅ እንጨት የለም፣ የሚተርፍም የለም። በዜሮ የሚያልቅ ቁጥር ለምን ተጋማሽ እንደሆነ ለልጅ ከዚህ በላይ ማስረዳት አያስፈልግም።

የግዕዝ ቁጥር የለመዱ ልጆች ደግሞ ሌላ ነገር ያያሉ። በግዕዝ አኃዝ ዜሮ የለም፤ ሠላሳ የራሱ ምልክት አለው፣ ፴። ሠላሳ ሰባት ሲጻፍ ፴፯ ይሆናል፤ እስሮቹና ልቅ እንጨቶቹ ጎን ለጎን ቆመው የሚታዩ ያህል ነው። ፲፣ ፳፣ ፴፣ ፵ እያለ የሚጨርስ ቁጥር ሁሉ ተጋማሽ ነው።

ከአኃዞቹ ወደ ቁጥሮቹ ስም እንሂድ። ሆሳዕና፣ በጥንት ስሟ ዋቸሞ፣ ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ናት። በከተማዋና በዙሪያዋ ባሉት የሀዲያና የከምባታ ከተሞች፣ በሾኔ፣ በዱራሜ፣ በሺንሺቾ፣ በአንጋጫ፣ አማርኛ፣ ሀዲይሳና ከምባቲሳ በየመንገዱ ይሰማሉ። ልጅ በአፍ መፍቻ ቋንቋው እንዲማር የ1986 ዓ.ም. የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ከፈቀደ ወዲህ የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ሒሳብ በእነዚህ ቋንቋዎች ይሰጣል። ሀዲይሳና ከምባቲሳ አንድ የቋንቋ ቤተሰብ ናቸው፤ ሁለቱም ከደጋማው ምሥራቅ ኩሽ ይመደባሉ። እናም የሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው አንድ የሚያስደንቅ ነገር ያገኛል።

በሀዲይሳ 1፣ 3፣ 5፣ 7፣ 9 ሲቆጠር ማቶ፣ ሳሶ፣ ኦንቶ፣ ላማራ፣ ሆንሶ ይባላል። በከምባቲሳ ደግሞ ማቶ፣ ሳሶ፣ ኦንቶ፣ ላማላ፣ ሆንሶ። ሰባት ላይ ካለችው አንዲት ድምፅ በቀር ያው ነው። ተጋማሾቹ ላይ ሲደረስ ግን መንገዱ ይለያያል። የሀዲያው ልጅ ላሞ፣ ሶሮ፣ ሎሆ፣ ሳደንቶ፣ ቶሞ ሲል፣ የከምባታው ላሞ፣ ሾሎ፣ ለሆ፣ ሄዜቶ፣ ቶርዱማ ይላል። ሁለቱ እህትማማች ቋንቋዎች እስከ አሥር ባለው መንገድ ላይ በኢተጋማሾቹ ይገናኛሉ፣ ከሁለት በቀር በተጋማሾቹ ይለያያሉ። ይህ የአጋጣሚ ጉዳይ ነው፤ ከሒሳቡ ጋር የሚያገናኘው ምክንያት የለም። ነገር ግን ከሁለቱም ብሔረሰብ ልጆች ያሉበት ክፍል ውስጥ ለሚያስተምር መምህር የተገኘ ጨዋታ ነው። ግማሹ ክፍል በሀዲይሳ፣ ግማሹ በከምባቲሳ አብሮ ይቁጠርና፣ ድምፁ አንድ ሲሆን ሁሉም ያጨብጭብ። ከሁለት በስተቀር ጭብጨባው የሚወድቀው ኢተጋማሾቹ ላይ ነው። ልጅ ይህን ሰምቶ አይረሳውም።

ከክፍል ወጥቶ መንገድ ላይ ሲታይ ደግሞ ከተማው ራሱ መማሪያ ነው። ባጃጅ ሦስት ጎማ አለው፤ የፈረስ ጋሪ ሁለት። አንድ ባጃጅ ሲቆም ጎማው ኢተጋማሽ ነው። ሁለተኛ ባጃጅ አጠገቡ ሲቆም ስድስት ይሆናል፤ የአንዱ ቀሪ ጎማ ከሌላው ቀሪ ጋር ተጣመረ ማለት ነው። ሦስተኛው ሲመጣ ዘጠኝ፣ አራተኛው ሲመጣ አሥራ ሁለት። ጋሪው ግን ስንትም ቢመጣ ነገሩን አይለውጠውም፤ ጥንድ ይዞ መጥቶ ጥንድ ይዞ ይሄዳል። ልጆች የሚያዩት ይህ ነገር ከ2300 ዓመት ገደማ በፊት ግሪካዊው ኤውክሊድ በዘጠነኛው መጽሐፉ ያረጋገጠው ነው፤ ኢተጋማሾች ተጋማሽ ጊዜ ሲደመሩ ተጋማሽ፣ ኢተጋማሽ ጊዜ ሲደመሩ ኢተጋማሽ ይሆናሉ።

ለኳስ ወዳድ ልጅ ከባጃጁ የሚበልጥ ምሳሌ የእግር ኳስ ክለቡ ሀዲያ ሆሳዕና ነው። ሜዳ ላይ የሚቆሙት አሥራ አንድ ናቸው። አሥሩ ሁለት ሁለት ሆነው አምስት ጥንድ ይሠራሉ፤ ግብ ጠባቂው ብቻውን ይቀራል። ተጋጣሚው ቡድን ሲገባ የእሱም ግብ ጠባቂ ብቻውን ነው። ሁለቱ ግብ ጠባቂዎች ተጣመሩ፣ ሜዳው 22 ሆነ። ዳኛው አንዱን በቀይ ካርድ ሲያስወጣ ወዲያውኑ አንድ ሰው ጥንድ ያጣል። አስተማሪ ይህን ካስጀመረ በኋላ ቀሪውን ልጆቹ ራሳቸው ይጨርሱታል፤ ‹‹ሁለት ቀይ ካርድ ቢወጣስ?›› የሚለው ጥያቄ የሚመጣው ከእነሱ ነው።

ጥያቄ ሲመጣ ምን ይደረግ? አሜሪካ ውስጥ በሚሺጋን ግዛት የሆነው አንድ ታሪክ እዚህ ላይ ቢነሳ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1990 መምህርትና ተመራማሪ ዲቦራ ቦል ሦስተኛ ክፍል ስታስተምር አንድ ተማሪ እጁን አውጥቶ ስድስት ተጋማሽም ኢተጋማሽም ነው አለ። ምክንያቱን ሲጠየቅ፣ ስድስት ውስጥ ሦስት ሁለቶች አሉ፣ ሦስት ደግሞ ኢተጋማሽ ነው ብሎ መለሰ። ብዙ መምህር እዚህ ቦታ ‹‹ተሳስተሃል፣ ተቀመጥ›› ይል ነበር። ቦል ግን ክፍሉ እንዲከራከርበት ፈቀደች። አንዱ ልጅ አሥርም እንደዚያው መሆኑን አሳየ፤ አሥር ውስጥ አምስት ሁለቶች አሉ። ቆይቶ ክፍሉ እንደ 2፣ 6፣ 10፣ 14 ያሉትን ቁጥሮች በልጁ ስም ጠራቸው። የስድስት ተጋማሽነት በዚህ አልተነካም፤ ልጁ ያየው ግን እውነት ነበር። የጥንዶቹ ብዛት ራሱ ኢተጋማሽ የሆነባቸውን ተጋማሾች ኤውክሊድም በሰባተኛው መጽሐፉ ለይቶ ስም ሰጥቷቸዋል። የክፍሉ ቀረጻ ዛሬም ድረስ ለመምህራን ማሠልጠኛ ያገለግላል። ከሆሳዕና መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ወጥቶ በገጠር ክፍል ውስጥ ስልሳና ሰባ ልጅ ፊት ለሚቆም ወጣት መምህር ጊዜው እንደማይበቃው ግልጽ ነው። ቢሆንም አንድ ልጅ ‹‹ስድስት ሁለቱንም ነው›› ካለ አምስት ደቂቃ መስጠት ከብዙ ልምምድ ጥያቄ ይበልጣል።

ቀፎ ባለበት አካባቢ ላለ ልጅ ደግሞ የንቧን ነገር መንገር ደስ ይላል። በ2014 ዓ.ም. የአውስትራሊያና የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት ንቦች ከ1 እስከ 10 የሚደርሱ ቅርጾች የተሳሉባቸውን ካርዶች ተጋማሽና ኢተጋማሽ ብለው መለየት ተምረዋል። ንቧ ትክክል ስትመርጥ የስኳር ውኃ፣ ስትሳሳት መራራ ውኃ ነበር የሚሰጣት። ከዚያ አይተውት የማያውቁትን 11 እና 12 ሲያቀርቡላቸው ከመቶ 70 ያህሉን በትክክል መለሱ። ኢተጋማሽ እንዲመርጡ የሠለጠኑት ንቦች ከሌሎቹ ፈጥነው ተምረዋል። ሰው በዚህ ከንብ ይለያል፤ እ.ኤ.አ. በ1990 ቴሬንስ ሃይንስ የተባለ ተመራማሪ እንዳሳየው ሰዎች ቁጥር አይተው ኢተጋማሽ ነው ለማለት ተጋማሽ ነው ከማለት ትንሽ ይዘገያሉ። ልጅ ኢተጋማሹ ላይ ቢያመነታ የሚያስቆጣ አይደለም።

አሁን ወደ ልጆቹ ትምህርት እንመለስ፤ ከመለየት አልፎ ሥራ የሚሠራበት ቦታ አለና። በዓለም የሒሳብ መጻሕፍት ውስጥ ‹‹የኢትዮጵያ ማባዣ›› ተብሎ የሚታወቅ ዘዴ አለ። የጥንት ግብፆችም በእጥፍ እያበዙ ያባዙ እንደነበር ከ3500 ዓመት በላይ ያስቆጠረው የአሕመስ ፓፒረስ ይመሰክራል፤ የሩሲያ ገበሬዎች ማባዣ እየተባለም ይጠራል። በመጻሕፍቱ የሚተረከው ነጋዴ መሬት ላይ ሁለት ረድፍ ጉድጓድ ቆፍሮ በጠጠር ሲያሰላ ነው። ማባዛት የማያውቅ ሰው ሁለት ነገር ብቻ ከቻለ ይበቃዋል፤ ማጋመስና ማጠፍ።

አንዲት ሴት 13 እንቁላል ገበያ ይዛ ወጣች እንበል፤ አንዱ 14 ብር ነው። በግራ 13፣ በቀኝ 14 ይጻፍ። ግራው እየተጋመሰ፣ ቀኙ እየታጠፈ ይወርዳል። የ13 ግማሽ 6 ነው፣ ቀሪው ይተዋል፤ በቀኝ 28። የ6 ግማሽ 3፤ በቀኝ 56። የ3 ግማሽ 1፣ ቀሪው ይተዋል፤ በቀኝ 112። አሁን በግራ ተጋማሽ ቁጥር ያለበት ረድፍ ይሰረዝ። ያለው አንድ ነው፣ 6፤ ከእሱ ጋር 28 ይሰረዛል። ኢተጋማሾቹ 13፣ 3 እና 1 በቀኛቸው የያዙት 14፣ 56 እና 112 ነው። ሲደመር 182 ብር። 13 ጊዜ 14 ያው ነው።

ለምን? እንቁላሎቹን ሁለት ሁለት አድርጎ ማየት ነው። 13 እንቁላል ስድስት ጥንድ ሆኖ አንድ ይቀራል፤ ያቺ አንዲት እንቁላል 14 ብር ናት፣ ትያዝ። እያንዳንዱ ጥንድ 28 ብር ነው። ስድስቱ ጥንዶች እንደገና ሲጣመሩ ሦስት አራት-አራት ይሆናሉ፣ ምንም አልቀረም፣ የሚያዝም የለም። የአራቱ ዋጋ 56 ብር ነው። ሦስቱ ሲጣመሩ አንድ ስምንት ሆኖ አንድ አራት ይቀራል፤ 56ቷ ትያዝ። የመጨረሻዋ ስምንት 112 ብር ናት። የሴትየዋ ሒሳብ የተሰበሰበው በየደረጃው ጓደኛ አጥተው ከቀሩት ነው። ይህን ለትንንሾቹ ማስተማር ገና ነው፤ ለአራተኛና ለአምስተኛ ክፍል ተማሪ ግን ከፍ ብሎ ይሰጣል፣ ታናሹን ቁጭ አድርጎ የሚያስረዳውም እሱ ይሆናል።

የዘመን አቆጣጠራችንም አንድ ነገር ያስተምራል። አሥራ ሁለቱም ወራት 30 ቀን ናቸው፤ ስለዚህ ከመስከረም 1 ጀምሮ ኢተጋማሽና ተጋማሽ ቀን ሳይዛነፍ ይፈራረቃል። መስከረም ላይ የሀዲያ ያሆዴና የከምባታ መሳላ ሲከበሩ፣ ከዚያም መስቀል ሲመጣ፣ ልጆች ቀኑን በጣታቸው እየቆጠሩ ነው። ዓመቱ ሲያልቅ ጳጉሜን 5 ላይ ከቆመች በማግስቱ መስከረም 1 ነው፤ ሁለት ኢተጋማሽ ቀን ተከታትሎ ይመጣል። ጳጉሜን 6 የሆነች ዓመት ግን ይህ አይሆንም። በፈረንጆቹ አቆጣጠር 31 ቀን ያላቸው ወራት ስለበዙ ሁለት ኢተጋማሽ በተከታታይ የሚገጥመው በዓመት ብዙ ጊዜ ነው።

ለሚቀጥለው ሳምንት ልጆች ከቤተሰብ ጋር የሚሠሩት አንድ ጥያቄ አለ። በሆሳዕና አንድ ጥግ ላይ ባጃጆችና ባለ ሁለት ጎማ የፈረስ ጋሪዎች ቆመዋል። ጎማዎቹ ሲቆጠሩ 17 ናቸው። ባጃጆቹ ስንት፣ ጋሪዎቹ ስንት ሊሆኑ ይችላሉ? 17 ባቄላ ወለል ላይ ይውጣ፤ ለባጃጅ ሦስት ሦስት፣ ለጋሪ ሁለት ሁለት እየተደረገ ይሞከር። መልሱ አንድ ብቻ አይደለም፤ ሦስት መልስ አለው። ሦስቱንም ያገኘ ልጅ የባጃጆቹን ብዛት ብቻ ለይቶ በአንድ መስመር ይጻፍና፣ ሦስቱ ቁጥሮች ምን የሚያመሳስላቸው ነገር እንዳለ ለእናቱ ወይም ለአባቱ ይንገር።